ከወፏ ምን ይዘን እንሂድ?

ወጣቶች ሆይ፣ ዛሬ አንድ ጥያቄ ይዤላችሁ መጥቻለሁ። የወደድነውን ነገር ማስታወሻ ይዘን መሄድ የምንፈልገው ለምንድን ነው? ስንወስድስ የምንወስደው ከማን ላይ ነው? ጥያቄው ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ሰዎች በዚህ ጥያቄ ስለተሳሳቱ አንድ የወፍ ዘር ከምድር ላይ ጠፍቷል፤ ሌሎች ሰዎች ደግሞ በዚሁ ጥያቄ ስለታረሙ ብዙ ወፎች ተርፈዋል። ስለዚህ ጥቂት ታገሡኝ።

ነገሩን ከአንድ ገበያ ልጀምር። በእንግሊዝ አገር መካከለኛ ክፍል ራትላንድ የምትባል በጣም ትንሽ አውራጃ አለች። በ1970ዎቹ ለከተሞች የመጠጥ ውኃ እንዲሆን ተብሎ አንድ ሸለቆ ተገደበና ትልቅ ሰው ሠራሽ ሐይቅ ተሠራባት። ውኃው ሲመጣ ወፎች መጡ፤ ወፎቹ ሲመጡ ደግሞ ሰዎች ተከተሉ። ከ1989 እስከ 2019 በየዓመቱ በነሐሴ ወር በዚያ ሐይቅ ዳር ለሦስት ቀናት የወፍ ወዳጆች ትልቅ ገበያ ይቆም ነበር። በ2022ም በዚያው አውራጃ በአዲስ ስም እንደገና ተጀምሯል። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

«ወፍ ለማየት ይህን ያህል ሰው?» ትሉ ይሆናል። አዎን፣ ከብዙ አገር ይመጣሉ። በድንኳኖቹ ውስጥ ባይናኩላር ይሸጣል፤ መጻሕፍት ይሸጣሉ፤ ወደ ሩቅ አገር የወፍ ጉዞ የሚያዘጋጁ ድርጅቶች ደንበኛ ይመዘግባሉ። ወፍ የታተመበት ኩባያ፣ ቲሸርት፣ ደረት ላይ የሚሰካ ትንሽ ባጅም አለ። እኔ ግን ልወስዳችሁ የምፈልገው ወደ ሥዕሉ ድንኳን ነው። እዚያ ሠዓሊዎችና እንጨት ጠራቢዎች ሥራቸውን ይዘው ይቀመጣሉ። በአንድ ትልቅ ሰሌዳ ላይ ብዙ ሠዓሊዎች ሕዝቡ እያያቸው ተጋግዘው አንድ ሥዕል ይሠራሉ። ያለቀውን ሥዕል መግዛት ይቻላል፤ ማዘዝም ይቻላል። «ይህን ወፍ፣ በዚህ መጠን፣ በዚህ ቅርንጫፍ ላይ አድርገህ ሥራልኝ» ብላችሁ ትነግሩታላችሁ፤ ሠዓሊውም ሠርቶ ይልክላችኋል።

አሁን እናንተ በዚያ ድንኳን ውስጥ ቆማችኋል እንበል። የመጣችሁት ኦስፕሬይ የሚባለውን ዓሣ አዳኝ ወፍ ለማየት ነው። ይህ ወፍ ከእንግሊዝ ምድር በሰው እጅ ጠፍቶ ነበር። ከ1996 ጀምሮ ግን ጫጩቶች ከስኮትላንድ እየመጡ በዚህ ሐይቅ ዳር አደጉ። ብርዱ ሲመጣ ወደ ምዕራብ አፍሪካ በረሩ፤ ከዚያ ተመልሰው በ2001 እዚሁ ጎጆ ሠርተው ፈለፈሉ። ታሪኩን ሰምታችሁ ልባችሁ ተነክቷል። ነገር ግን ሦስቱንም ቀን ዝናብ ዘነበ፤ ወፏን አላያችኋትም። ስለዚህ ወደ አንዱ ሠዓሊ ቀርባችሁ፦ «ኦስፕሬይዋ ዓሣ ይዛ ከውኃው ስትነሣ ሥራልኝ። እኔንም ዳር ቆሜ ሳያት ጨምረኝ» አላችሁት። እርሱም ሠራ፤ እናንተም ከፈላችሁ። ከገንዘቡም የተወሰነው ለወፎች ጥበቃ ዋለ። ሥዕሉን ግድግዳ ላይ ሰቀላችሁት። አንድ ቀን እንግዳ መጣና፦ «በዓይንህ አየሃት እንዴ?» አለ።

ምን ትመልሳላችሁ?

መልሱን ለጊዜው እናቆየው። በመጀመሪያ፣ በዚህ ሥዕል የተነሣ አንዲት ወፍ እንኳ እንዳልሞተች ልብ በሉ። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ከእኛ በፊት የነበሩ ሰዎች ማስታወሻ ሲፈልጉ የሚወስዱት ወፏን ራሷን ነበርና።

በሰሜን አትላንቲክ ባሕር ላይ «ታላቁ ኦክ» የሚባል ወፍ ነበር። ጀርባው ጥቁር፣ ሆዱ ነጭ ነው፤ መብረር አይችልም። ሰዎች ለብዙ ዘመን ለሥጋው፣ ለላባውና ለስቡ ሲሉ ሲገድሉት ኖሩና ቁጥሩ ተመናመነ። ሲመናመን ይራሩለታል ብላችሁ ታስቡ ይሆናል። የሆነው ግን ተቃራኒው ነው፤ ብርቅ በሆነ መጠን ዋጋው ወጣ። ሙዚየሞችና ሀብታም ሰብሳቢዎች «ሳይጠፋ ይኑረኝ» ብለው ቆዳውንና እንቁላሉን ፈለጉ። በ1844 የተወሰኑ ሰዎች በአይስላንድ አጠገብ ኤልዴይ ወደምትባል ዐለታማ ደሴት በጀልባ ሄዱ። የላካቸው ለሰብሳቢዎች የሚሸጥ ወፍ የፈለገ ነጋዴ ነበር። አንድ ጥንድ አገኙ፤ ሁለቱንም አንቀው ገደሉ። እዚያ የነበረው አንድ እንቁላልም ተሰበረ። ከዚያ ወዲህ ታላቁ ኦክ ሲራባ ያየ ሰው የለም።

ያ ጉዞ ትእዛዝ ነበር። አንድ ሰው በሩቅ ከተማ ተቀምጦ «እንዲህ ያለ ነገር ቤቴ ቢኖር» ብሎ ተመኘ፤ አንዱ ከሌላው ተቀባብሎ ትእዛዙ እስከዚያ ዐለት ድረስ ደረሰ። ሰብሳቢው ወፉን አልጠላውም፤ እንዲያውም ወድዶታል። ይህ ሊያስፈራን ይገባል። ፍቅር ያልነውም ነገር ቢሆን ለእኔ ይሁን ከማለት ያለፈ ካልሆነ የወደደውን ሊገድል ይችላል።

ይህ የጥቂት ሀብታሞች በሽታ ብቻ አልነበረም። በ1886 ፍራንክ ቻፕማን የሚባል የወፍ አጥኚ በኒው ዮርክ ከተማ የገበያ መንገዶች ላይ እየሄደ የሴቶችን ባርኔጣ ቆጠረ። ካያቸው 700 ባርኔጣዎች 542ቱ በወፍ ላባ ወይም በወፍ ገላ ያጌጡ ነበሩ። አርባ ያህል የወፍ ዓይነቶችንም ለይቷል። እነዚያ ሴቶች ጨካኞች ነበሩ ማለት አይደለም። ላባው ያምራል፤ ሁሉም ያደርገዋል፤ ወፏ የሞተችበት ቦታ ሩቅ ነው። እኛስ ዛሬ የምንለብሰውና የምንይዘው ነገር ከየት እንደመጣ እንጠይቃለን?

የታረሙት ግን ከመካከላቸው ተነሡ። በ1889 ኤሚሊ ዊሊያምሰን የምትባል ሴት በማንቸስተር አቅራቢያ በቤቷ ጓደኞቿን ሰብስባ አንድ ማኅበር መሠረተች። የማኅበርተኞቹ ቃል ኪዳን አጭር ነበር፤ ለምግብነት ካልታረደ ወፍ የተወሰደ ላባ አናደርግም የሚል ነው። የሰጎን ላባ ብቻ ከዚህ ውጭ ሆነ፤ ሰጎን ሳትሞት ላባዋን መቁረጥ ይቻላልና። እንግዲህ እነዚህ ሴቶች ጌጥ ሁሉ ኃጢአት ነው አላሉም። የጠየቁት ወፏ ሞታለች ወይስ አልሞተችም ብለው ነው። ያ ትንሽ ማኅበር አድጎ ዛሬ የእንግሊዝ ንጉሣዊ የወፎች ጥበቃ ማኅበር ሆኗል። በ1921ም ወደ አገሪቱ የላባ ንግድ እንዳይገባ የሚከለክል ሕግ ወጣ።

ይህ ሚዛን ለእኛ አዲስ አይደለም። በኦሪት ዘዳግም ስለ ወፍ ጎጆ የምትናገር አጭር ትእዛዝ አለች። በመንገድ ላይ ጎጆ ያገኘ ሰው እንቁላሉን ወይም ጫጩቶቹን መውሰድ ይችላል፤ እናቲቱን ግን ሊለቅቃት ይገባል። ሕጉ መውሰድን ፈጽሞ አልከለከለም። የሚወስደው ሰው ግን ምንጩን እንዳያደርቅ፣ ነገ የምትፈለፍለውን እንዲተዋት አዘዘ። ላባው፣ ቆዳውና እንቁላሉ በዚህ ሚዛን ይወድቃሉ። ሥዕሉና ኩባያው ያልፋሉ። ሠዓሊው ወፏን አይቶ ይሄዳል፤ ወፏም በቅርንጫፏ ላይ ትቀራለች።

እዚህ ላይ ከእናንተ አንዱ እንዲህ ሊለኝ ይችላል፦ «ኩባያ ገዝቶ ኅሊናን ማሳረፍማ ቀላል ነው። ሰውዬው ወፍ ለማየት በአውሮፕላን ዓለምን ይዞራል፤ ኋላ ባጅ ደረቱ ላይ ሰክቶ የተፈጥሮ ወዳጅ ነኝ ይላል።» ይህ ተገቢ ወቀሳ ነው፤ ላስተባብለው አልሞክርም። መስጠት ለሌላው ጥፋታችን መሸፈኛ ሲሆን በቤተ ክርስቲያን ውስጥም እናውቀዋለን።

ግን ደግሞ ገንዘቡ የሠራውን እንይ። የራትላንዱ ገበያ በመጀመሪያው ዓመት ያገኘው ገቢ በማልታ ደሴት የሚፈጸመውን የወፎች ጭፍጨፋ ለመቃወም ዋለ። በ2000 ደግሞ ገቢው አልባትሮስን ለማዳን ተሰጠ። አልባትሮስ ክንፉ ሲዘረጋ ከሦስት ሜትር የሚያልፍ ዝርያ ያለው የባሕር ወፍ ነው። ዓሣ አጥማጅ መርከቦች በሺህ የሚቆጠሩ መንጠቆዎች የታሰሩበትን ረጅም ገመድ ወደ ባሕር ሲለቁ ወፉ በመንጠቆው ላይ ያለውን ዓሣ ሊበላ ይወርዳል፤ መንጠቆው ይይዘውና ገመዱ ወደ ጥልቁ ይዞት ይሰምጣል። መፍትሔው ያን ያህል ውድ አይደለም። ከመርከቡ ኋላ ወፎችን የሚያስፈራራ ባለ ቀለም ጥብጣብ የተንጠለጠለበት ገመድ መጎተት፣ ገመዱ ቶሎ እንዲሰምጥ ክብደት ማሰር፣ መንጠቆውን በሌሊት መልቀቅ ነው። ይህን ለዓሣ አጥማጆች የሚያስተምር ቡድን በ2006 በደቡብ አፍሪካ ሥራ ጀመረ። በመርከቦቹ ላይ ከአጥማጆቹ ጋር አብረው እየተጓዙ ያሳዩአቸው ነበር።

እንግዲህ የገዢው ልብ ንጹሕ ይሁን አይሁን፣ ለአልባትሮሱ ለውጥ የለውም። ከመንጠቆው ተርፎ ወደ ጫጩቱ ይመለሳል። ለገዢው ግን ለውጥ አለው። የገዛው ኩባያ ለወፏ ጠቅሞ ለእርሱ ግን ምንም ሳይጨምርለት ሊቀር ይችላል። ሁለቱን ማምታታት የለብንም። ልቤ ንጹሕ አይደለም ብለን ከመስጠት አንቅር፤ ስለ ሰጠንም ልባችን ንጹሕ ሆነ አንበል።

አሁን ወደ ግድግዳው ሥዕል እንመለስ። ወፏ አልሞተችም፤ ገንዘቡ መልካም ሥራ ሠርቷል። ታዲያ ለእንግዳው ጥያቄ መልስ ለመስጠት አፋችን የሚተሳሰረው ለምንድን ነው?

ይህን የሚያስረዳን ነገር በገዛ አገራችን አለ። በ1990 የእንግሊዝ ተመራማሪዎች ከአርባ ምንጭ አጠገብ ባለው በነጭ ሳር ብሔራዊ ፓርክ ጥናት ያካሂዱ ነበር። በአንድ የፓርኩ መንገድ ላይ መኪና የጨፈለቀው ወፍ አገኙ። እንግሊዞች ናይትጃር የሚሉት ዓይነት ነው፤ ቀን መሬት ላይ ተጣብቆ ይውላል፣ በጨለማ ይበርራል። እኛ የሌሊት ወፍ ከምንለው ጋር አታምታቱት። የወፉ አካል ተበላሽቶ ስለነበር አንድ ክንፉን ይዘው ሄዱ። ክንፉ ከሚታወቁት ናይትጃሮች ከአንዱም ጋር አልገጠመም። በ1995 በዚያ አንድ ክንፍ ብቻ አዲስ ዝርያ ተብሎ ተመዘገበ። የተሰጠው የላቲን ስም፣ «ሶላላ»፣ ብቸኛ ክንፍ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ሕያው ሆኖ አየነው ያሉ ሰዎች አሉ፤ ስሙና መግለጫው ግን የቆሙት በዚያ ክንፍ ላይ ነው።

እስቲ አንድ ሰው ወደ ሠዓሊ ሄዶ «የነጭ ሳሩን ናይትጃር ሥራልኝ» ብሎ አዘዘ እንበል። ሠዓሊው ምን ያድርግ? ክንፉን በትክክል መሣል ይችላል፤ በላዩ ያለውን ነጭ ምልክት፣ ቡናማውን ቀለም ያውቃል። ራሱን፣ ጅራቱን፣ ደረቱን ግን አያውቅም። ከሌሎች ናይትጃሮች ተነሥቶ በግምት ሊሞላው ይችላል። ይህም ኃጢአት አይደለም፤ ሠዓሊ ሁሉ ያስባል፣ ይገምታል፣ ያልነበረ ቅርንጫፍ ይጨምራል። ኃጢአት የሚሆነው ግምቱን ደብቆ «እንዲህ ነው» ብሎ ሲሸጠው ነው። ታማኝ ሠዓሊ ከሥሩ «ከክንፉ በቀር ሌላው በግምት የተሣለ ነው» ብሎ ይጽፋል። በዚያች አንዲት መስመር ሥዕሉ እውነት ሆኖ ይቆያል። የክንፉን ስም ያወጡትም ሰዎች ያደረጉት ይህንኑ ነው። የጎደላቸውን አልሸሸጉም፤ እንዲያውም ጉድለታቸውን ለወፉ ስም አድርገው ሰጡት።

ግድግዳ ላይ የሰቀልነው ሥዕል የጎደለው ይህ ነው። ኦስፕሬይዋ መሣሏ ስሕተት አይደለም። «እኔም አየኋት» የሚል ምስክር ሆና መሰቀሏ ግን ስሕተት ነው። በአማርኛችን ሥዕልም ይታዘዛል፣ ሰውም ይታዘዛል፤ ትዝታን ማዘዝ ግን አይቻልም። ትዝታ የሆነውን ነገር ይከተላል፤ እንዲህ ሁንልኝ ብለን ከፍለን ያሠራነው ትዝታ የእኛ አይደለም።

ወጣቶች ሆይ፣ ይህ ነገር ከወፍ ገበያ ወደ ጉባኤያችን ምን ያህል እንደሚቀርብ አስቡ። የምስክርነት ሰዓት ሲደርስ ክንፍ ብቻ ይዘን ተነሥተን ሙሉ ወፍ የምንናገር ስንቶች ነን? ትኩሳቱ ቀለል አለልን፤ እኛ ግን ሐኪሞች ተስፋ የቆረጡበት በሽታ ነበር አልን። አንድ ሌሊት ጸለይን፤ ሲነገር ሳምንት ሆነ። ከሌላ ሰው የሰማነውን በእኛ ላይ እንደደረሰ አድርገን አወራን። «ለእግዚአብሔር ክብር ስል ነው» እንላለን። ኢዮብ ግን ወዳጆቹን ስለ እግዚአብሔር ብለው ሐሰት ይናገሩ እንደሆነ ገሥጾ ጠይቋቸው ነበር። እርሱ በእኛ ጭማሪ አይከብርም። ጭማሪው የሚጎዳው ደግሞ ከጉባኤው መካከል ተቀምጦ የሚሰማውን ነው። በእርሱ ሕይወት የሆነው ትንሽ ነገር ነውና የእርሱን ክንፍ ከእኛ ሙሉ ወፍ ጋር አወዳድሮ፦ «እኔንማ ጌታ አላየኝም» ብሎ ይወጣል። እርሱ በእጁ የያዘው ግን እውነተኛ ክንፍ ነበር።

እንግዲህ ከወፏ ምን ይዘን እንሂድ? ኢያሱ ሕዝቡን ዮርዳኖስን ሲያሻግር ዐሥራ ሁለት ድንጋይ ከወንዙ መካከል አስወስዶ አቁሞ ነበር። የቆሙበት ምክንያት ልጆች አይተው ምንድን ናቸው ብለው እንዲጠይቁ፣ አባቶችም የሆነውን እንዲነግሩ ነው። መልካም ማስታወሻ ጥያቄ ያስነሣል፤ ለጥያቄውም እውነተኛ መልስ አለው።

ስለዚህ ሥዕሉን አውርዱት አልላችሁም። ከሥሩ ግን በትንሽ ወረቀት «ሦስት ቀን ዘነበ፤ እኔ አላየኋትም» ብላችሁ ጻፉ። እንግዳው ያነብበውና ይገረማል። «ያላየሃትን ለምን ሰቀልካት?» ይላችኋል። ያን ጊዜ ከዚያ ምድር እንዴት እንደጠፋች፣ ጫጩቶቹ ከስኮትላንድ እንዴት እንደመጡ፣ እስከ ምዕራብ አፍሪካ በርረው እንዴት እንደተመለሱ ትነግሩታላችሁ። «አዎን አይቻታለሁ» ብትሉት ኖሮ ወሬው በዚያች ቃል ያልቅ ነበር።

ወደ ራትላንድ መሄድ የማይሆንላችሁም ብትሆኑ፣ ማስታወሻ የሚለው ቃላችን ሁለት ትርጉም እንዳለው አትርሱ። በገንዘብ የሚገዛ ዕቃ ማስታወሻ ይባላል፤ ያየነውን የምንጽፍበትም ደብተር ማስታወሻ ይባላል። በሚመጣው ቅዳሜ ጠዋት ደብተርና እርሳስ ይዛችሁ በቤታችሁ አጥር ላይ ያለችውን ድንቢጥ ዐሥር ደቂቃ ተመልከቱ። እንደቻላችሁ ሣሏት። እግሯን ሳታዩ ከበረረች እግሯን ሳትሥሉ ተዉትና «እግሯን አላየሁም» ብላችሁ ጻፉ። በነጋታው እግሯን ለማየት ትመለሳላችሁ።